ቁጥር አሥራ አንድ ወዴት ያያል?

የሰው ወሬ መስማት አልወድም፤ ግን የስፕሪንግ ቫሊ አውቶቡስ ውስጥ ጆሮ አይዘጋም። ከፊቴ አንድ የሐበሻ ወጣት በስልኩ የአሜሪካን ፉትቦል ያያል። የካዚኖ ዩኒፎርም የለበሱ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጠው አብረው ማየት ጀመሩ።

“አሥራ አንድ ቁጥሩን ነው የምታየው?”

“አዎ ጋሼ። ድራፍት ስለደረሰ፣ ፕሮ ቲሞቹ ከኮሌጅ ይወስዱታል ወይ ብዬ ቼክ እያደረግሁ ነው።”

“ይወስዱታል?”

“አሪፍ ሪሲቨር ነው። የወረወሩለትን ሁሉ ይቀልባል። ግን አንድ መጥፎ አመል አለው።”

“የምን አመል?”

“ኳሱን እንደያዘ ከመሮጡ በፊት ቀና ብሎ ተመልካቹን ያያል። እዚያ ላይ ታክል አድርገው ይጥሉታል።”

“ከልጅነቱ ነው።”

“ያውቁታል እንዴ?”

“እናቱ ትነግረኝ ነበር። ቅዳሜ ሲጫወት እመጣለሁ እለውና ኦቨርታይም እገባ ነበር።”

“ልጅዎ ነው? ሶሪ ጋሼ፣ እኔ...”

“አሁንም ያያል አልከኝ?”

“አዎ። በመጨረሻው ጨዋታም አይቷል።”

“እስቲ ቀና ያለበትን መልሰህ አሳየኝ።”

እኔም ልጄን ቤት ትቼ ለኦቨርታይም እየሄድኩ ነበር። የሥራ ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።