ባንኩ ደጃፍ ላይ የተገኙት አናጢ

ፍርሃት እንደ ተስቦ ነው፤ አንዴ ከገባ ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል። ያን ዕለት ጧት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ ባንኩ ደጃፍ ላይ የተጠራቀመውን ሕዝብ ባየሁ ጊዜ መንገዴን ትቼ ጠጋ አልኩ። «ባንኩ ከሰረ» የሚል ወሬ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሰፈሩን ሲያምሰው ነበር። ሰው እየተገፋፋ የብረቱ መዝጊያ ይንገጫገጫል።

ከግፊያው ዳር ጎረቤቴን ሽማግሌውን አናጢ አገኘኋቸው። ባዶ ጆንያ በብብታቸው ሸጉጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

«መምህር፣ አንተም ልታወጣ መጣህ?»

«እኔስ ወደ ሥራዬ ነበር ጋሼ፤ አሁን ግን እንጃ» አልኳቸው።

ይህን ስንባባል የወንድማቸው ልጅ ከታክሲ ወርዳ እየሮጠች መጣች። ባንኮችን በሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መርማሪ ናት።

«አጎቴ፣ በሞቴ ከዚህ ይውጡ! ይረግጡዎታል።»

«የዕድሜ ልክ ላቤ እዚህ ውስጥ ነው፤ ወዴት ልውጣ?»

«ባንኩ እኮ ጤነኛ ነው። ሒሳቡን የመረመርነው እኛው ነን።»

«እናንተ ማለት መንግሥት አይደላችሁ? ያባቴን ወፍጮ የወረሰው ማን ሆነና! ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጥቶ እንቅልፍ አለ?»

አጠገባችን የቆሙት «እውነታቸውን ነው» እያሉ አጉረመረሙ። እኔም በልቤ አብሬ አጉረመረምኩ።

ልጅቱ ግን አልተቆጣችም። «ስለ ወፍጮው አልከራከርዎትም፤ አያቴ በዚያ ኀዘን እንደሞቱ አውቃለሁ። ግን መውረስ ሌላ፣ መጠበቅ ሌላ ነው። የዛሬው ሕግ መንግሥትን ያደረገው ዘበኛ ነው። ባንክ ያስቀመጡትን ቆልፎ አይቀመጥበትም፤ ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለጫማ ሠሪው ያበድረዋል። ሁላችሁም ባንድ ቀን አምጣ ስትሉት ጤነኛውም ይወድቃል። ስለዚህ ሕጉ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ ሲቸግረውም ማዕከላዊው ባንክ ይደርስለታል። ቢወድቅ እንኳ ለቆጣቢው ዋስትና አለ። ዋስትናው ገደብ አለው፤ የእርስዎ ግን ከገደቡ በታች ነው።»

«ሲወራ ያምራል። እኔ ግን ቤቴ ሲሆን በዓይኔ አየዋለሁ።»

«ቤትዎ የት ያኖሩታል?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድብቅ ወለል ያለው ሳጥን ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ሰፈሩ ሁሉ የሚያዘኝ እሱኑ ነው።»

«እንግዲያ የማን ገንዘብ የት እንደተደበቀ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌባ ቢመጣ የማንን አንገት አንቆ የሚጠይቅ ይመስልዎታል?»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ፤ ጆንያው ከብብታቸው ወደቀ። በዚህ መሃል ከመዝጊያው በኩል ጩኸት ተሰማ። አንዲት ነፍሰ ጡር ወድቃ ሰው በላይዋ ሊሄድባት ነው። አናጢው ዘለው ገቡ። በሰፊ ትከሻቸው ሕዝቡን ወደኋላ ገፍተው፣ ሴቲቱን አነሡና ደረጃው ላይ ቆሙ።

«እኔ አላወጣም!» ብለው ጮኹ። «ገንዘብ ብለን ሰው ልንገድል ነው? ፈርቼ መጣሁ፣ ፈርቼም እመለሳለሁ፤ ግን አላወጣም!»

ጥቂቶች ሳቁ፣ ጥቂቶች አፈሩ፤ ግፊያው ላላ። እኩለ ቀን ላይ ከማዕከላዊው ባንክ ገንዘብ የጫነ መኪና ደረሰ። ማውጣት የፈለገ ሁሉ አወጣ፤ ማውጣት እንደሚቻል ያዩት ግን ብዙዎቹ ሳያወጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባንኩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ዳቦ ጋጋሪው ብድሩን በአንድ ጊዜ ክፈል ተብሎ ምድጃው በጠፋ፣ ሠራተኞቹም በተበተኑ ነበር። ሕግ የሚጠብቀው ቁጠባ ግን ለባለቤቱ ጥሪት፣ ለጎረቤቱ እንጀራ ይሆናል። ይህን ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ።

ያን ዕለት ሦስታችን ወደ ቤት ስንመለስ ሽማግሌው መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ አምኜሻለሁ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። እናንተን ዘበኞቹንስ ማን ይጠብቃችሁ?»

«ፍርድ ቤቱም፣ ጋዜጣውም አለ አጎቴ። ከሁሉም በላይ ግን አሁን እንደጠየቁኝ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚጠብቀን።»

ሽማግሌው ክንዷን ያዙ። «እንግዲያው ነገ መሥሪያ ቤትሽ እመጣለሁ» አሏት። «ገና ብዙ የምጠይቅሽ አለኝ።»