መንገድ የምትለቅ ተከላካይ

ነይማ ካሳነሽ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ። እዚያ ጥላው ውስጥ ምን ያቆምሻል? የእንጅባራ ጥር እኮ ነው፤ ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ እስክትወጣ ድረስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ያደረው ብርድ አይለቅም። እዚህ የቀርቀሃዋ ወንበር ላይ ተቀመጪ። እኔ ድንቼን እልጣለሁ፤ አንቺ አትንኪ፣ ልብስሽ አዲስ ነው... ያምርብሻል። ለሠርግ ነው? መቼስ ጥር አይደል፣ ሰው ሁሉ ይድራል፣ ሰው ሁሉ ይዳራል። እኛም ቤት ለዘንድሮ ጥር ሠርግ ነበረን... ነበረን ነው የምልሽ። ተይው፣ ሌላ እናውራ።

ኳስ ታያለሽ? እኔ አያለሁ። አትሳቂ። ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጉልበቴን የማቆላምጥ ሰው፣ ለቅርጫት ኳስ ሞቼልሻለሁ። መጀመሪያ ቅርጫት ሲሉኝ የገበያው መስሎኝ «ምን ይሸከሙበታል?» ብዬ እንቁን ጠየቅኳት። «እምዬ፣ ታቹ ቀዳዳ ነው፤ ከላይ የገባው በታች ይወጣል» አለችኝ። ቀዳዳ ቅርጫት ለመሙላት ያን ያህል ሰው ሲራኮት... ሞኟ እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?

እንቁን ታውቂያታለሽ፤ እኔው ያሳደግኳት የልጄ ልጅ። ኮሌጅ ገብታ የሴቶቹ ቡድን ውስጥ ተከላካይ ናት። ማግባት የሌሎቹ ሥራ ነው፤ የእሷ ሥራ ኳስ ይዛ በምትመጣው ፊት ቆሞ «አታልፊም» ማለት ነው። አሰልጣኟ ይሄነው «እንደ እንቁ ቆሞ የሚከላከል የለኝም» ይላል። እኔ ይህንን ስሰማ ደስ አለኝ እንዴ? አላለኝም። እጇን ዘርግታ የሰው መንገድ ላይ እንድትቆም ነው ያሳደግኳት? ትልቅ ሰው ሲመጣ ከመንገድ ወርዳ፣ ጎንበስ ብላ እንድታሳልፍ ነው። ለባል ወገን ደግሞ ይበልጡን። እንዲህ እያልኩ ስመክራት የእኔ ምክር ኳስ ሜዳ ድረስ ይሄዳል ብዬ መች አሰብኩ...

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሽማግሌ መጣብን፤ ከዳንግላ። ስም አልጠራም፣ የሰው ስም ማንሳት ደግ አይደለም። አንቺም በእናትሽ በኩል ዳንግላ ነሽ መሰለኝ፤ ዘመድሽ ይሁኑ አይሁኑ እንጃ፣ እኔ የዘር ቆጠራው ከጠፋብኝ ቆየ። ብቻ ደግ ቤት ነው። የልጁ እናት ደግሞ... እናት ማለትስ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሠላሳውን ያለፈ፣ ሥራ የያዘ፣ ጢሙን የሚላጭ ጎረምሳ ነው። እዚህ ቤቴ መጥቶ «ብርድ ነው፣ አንገትህን ሸፍን» አሉት፤ ሸፈነ። «ከበሩ ራቅ ብለህ ተቀመጥ» አሉት፤ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ልጅ በዚህ ዘመን የት ይገኛል? እንቁ ወደደችው። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ወደድኩት። ሲነገረው የሚሰማ ባል ማን ይጠላል? ማን ሲናገረው እንደሚሰማ ነው እንጂ ያላጣራሁት። ብልህ ነኝ ብዬሽ አላውቅም።

ሠርጉ ለዘንድሮ ጥር ተቆረጠ።

ግንቦት ሲያልቅ የዳንግላ ኮሌጅ ልጆች ከእንቁ ቡድን ሊጋጠሙ መጡ። ከባሕር ዳርም ለክልሉ ቡድን ልጅ የሚመርጡ ሰዎች መጥተዋል ተባለ። እንቁ ለዚያ ቀን ብላ ስንቱን ውርጭ ስትሮጥበት ከርማለች፤ ካልተመረጠች ትምህርቱ ሲያልቅ ኳሱም በዚያው ማለቁ ነው። እንግዲህ ከዳንግላዎቹ መሀል ኳስ እያገባች የምታስቸግረው ረጅሟ ልጅ የማን ልጅ ብትሆን ጥሩ ነው? የእጮኛዋ እህት። የሴትዮዋ የሆድ ልጅ።

ሴትዮዋ ወንድ ልጃቸውን አስከትለው በጠዋት በሚኒባስ ከተፍ አሉ። ጥለቱ ዓይን የሚያስቀር ነጠላ ይዘው... ለእንቁ እንዳይመስልሽ፣ ለእኔ። ልጅቷን ማን እንደሚያዛት ማወቅ ብልህነት አይደል? በእጃቸው አለበሱኝ። «እማማ፣ እኛ እኮ ከእንግዲህ አንድ ቤት ነን» አሉኝ። እንቁን ደግሞ ጉንጯን ሳም አድርገው፣ «የኔ ጨዋ፣ ዛሬ እህትሽን ትልልቅ ሰዎች ያዩዋታል። አደራ በክርንሽ እንዳትነኪብኝ፤ ፊቷም እየቆምሽ አታስቸግሪያት። ኳሱ ዛሬ ነው፣ ዝምድናው ግን...» ብለው ዝም አሉ። አዋቂ ሰው የቱ ጋ ዝም እንደሚል ያውቃል። እኔም በአዲሱ ነጠላ ተጀንኜ «ልክ ነዎት» አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

ሜዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ይሄነው «ዞን፣ ዞን» እያለ ሲጮህ ከዞኑ መሥሪያ ቤት ሹም የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ብድግ አልኩ። «ይቀመጡ እማማ፣ እያንዳንዷ የቆመችበትን ቦታ ትጠብቅ ማለቱ ነው» አሉኝ ሴትዮዋ። የማያውቁት የለም።

ረጅሟ ኳሷን እያነጠረች መጣች። እንቁ ከፊቷ ነበረች። ዓይን ለዓይን ተያዩ... ታዲያ የኔ ልጅ ምን አደረገች? ጎንበስ ብላ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ አሳለፈቻት። ልክ እንዳስተማርኳት። ረጅሟ ገብታ አገባች። እኔ እልል አልኩ። ምነው አልል? አስተዳደጌ በሰው ፊት ታየልኝ እኮ። ተመልሳ መጣች፣ ደግማ አሳለፈቻት፣ ደግሜ እልል አልኩ። ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ እንቁ ሮጣ አነሣችና በሁለት እጇ ይዛ ለረጅሟ አቀበለቻት። ያኔማ እንባዬ መጣ፤ ከኩራት።

ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ «እማማ፣ የየትኛው ደጋፊ ነዎት?» አለኝ።

«የጨዋዎቹ» አልኩት።

«እንግዲያው እየተሸነፉ ነው» አለኝ።

ሴትዮዋ እጄን ጨብጠው፣ «እንዲህ ያለች ምራት ነው የምፈልገው፤ ፊት የማትቆም» ይሉኛል። ይፈረድባቸዋል እንዴ? አንድ ቤት ውስጥ ፊት የሚቆም አንድ ሰው ካለ ምን ጎደለ...

ዕረፍት ሲሆን ይሄነው እንቁን ለብቻ ወሰዳት። እኛ ጋ ይሰማል። «አሞሻል?» አላት። «አላመመኝም» አለች። «ታዲያ በሩን ክፈቺ ያለሽ ማን ነው?» ዓይኗን ወደ እኛ ወርወር አደረገች። «አንዴ እንኳ ደግመሽ ካሳለፍሻት ትወጪያለሽ። የባሕር ዳሮቹ ቁጭ ያለ ሰው አይመርጡም፤ እኔም አላማልድሽም።»

ይህን ሁሉ የተማረ ሰው አልፋ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «እምዬ፣ ብቆምባት ነውር ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ ሴትዮዋ ከጎኔ ናቸው። ስለዚህ በአገውኛ መለስኩላት። እሳቸው አገውኛ አይሰሙም፤ ከእኛ መሀል ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረው አንድ ቃል ጆሯቸው አልገባም፤ ንጹሕ ጆሮ ነው። «ልጄ» አልኳት፣ «መንገድ የሚለቀቀው ለሚያልፍ ሰው ነው። ይህቺ ልጅ ግን መች አለፈች? እየተመላለሰች እኮ ነው።» ከኋላችን ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እንጅባራ ላይ ተቀምጬ በአገውኛ ምሥጢር ማውራቴ... አየሽ ብልሃቴን?

ሴትዮዋ «ምን አሏት?» ብለው ጠየቁኝ።

«እህትሽን አክብሪ አልኳት» አልኩ።

«ይባረኩ» አሉኝ። ተባርኬ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ቀጠለ። እንቁ እግሯን ከፍታ፣ እጇን ዘርግታ፣ ደረቷን ሰጥታ ቆመች። ረጅሟ የለመደችው በር ክፍት መስሏት በሩጫ መጣች... ተላተሙና ሁለቱም ተዘረሩ። ፊሽካ ተነፋ። ልጄን ሊያባርሯት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባጃጅ ነጂው «ይግለጡ እማማ፣ ጥፋቱ የረጅሟ ነው፤ ቆሞ የጠበቀን ገፍቶ የጣለ ነው የሚቀጣው» አለኝ። እንዲህ ያለ ሕግ አለ ለካ። ኳስ ሜዳ ላይ ብቻ መሆኑ ነው የቆጨኝ።

ከዚያ ወዲያ ረጅሟ በእንቁ በኩል አላለፈችም። ወደ ግራ ስትል እንቁ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል እንቁ ቀኝ። እጆቿን ወደ ላይ አድርጋ ፊቷ መቆም ብቻ። በክርን አልነካቻትም፤ አደራ በልታለች እንዳይሏት። ረጅሟ ኳሷን ታቅፋ ትቆማለች፣ ለጓደኛዋ ልትሰጥ ስትል ይነጥቋታል። የባሕር ዳሮቹ አንገት ለአንገት ገጥመው ሲንሾካሾኩ አየሁ።

ሴትዮዋ ተነሡ። «ልጄን ፈጇት» እያሉ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ወረዱ። ዳኛው መስመሩ ላይ ባያቆማቸው ገብተው ነበር። ያን ጊዜ ነው ለእኔ ለደነዟ የበራልኝ። ተከላካይ ማለት እሳቸው አይደሉም እንዴ? እንቁ ብትከላከል የአንድ ከሰዓት ነገር ነው፤ እሳቸው ወንድ ልጃቸውን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲከላከሉ አንዲት ሴት አላለፈቻቸውም። እግራቸው አይነቃነቅ፣ እጃቸው አይወርድ፣ ዕረፍት አያውቁ። ይሄነው ቀደም ብሎ ቢያገኛቸው ኖሮ... የአገር ዋንጫ ነው ያመለጠን።

ተሸነፍን። ምን እደብቅሻለሁ። በመጀመሪያው በጨዋነት የሰጠነውን በሁለተኛው ልንመልሰው አልቻልንም፤ ለጥቂት ቀረ።

ሲያልቅ ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ወደ እንቁ ሄዱ። «ጎበዝ ነሽ የኔ ልጅ፣ ግንብ ነሽ። ግንብ ግን ቤት ውስጥ አይገባም፣ ውጭ ነው የሚቀረው» አሏት። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል። እንቁ እሳቸውን ትታ እሱን አየችው። «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው። ወደ እናቱ ዞረ። «ብርድ ነው፣ እንሂድ» አሉት። አንገቱን ሸፈነና ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው «ልጅቷ አትስማማንም» አሉ። ነጠላውንም አስጠየቁ። አጥቤ፣ አጥፌ ሰጠኋቸው። ንፉግ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ንብረታቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። እኔም የለበስኩት ያችኑ ቀን ነው... እሷንም ለባላጋራ እልል ስልባት ዋልኩ።

እንቁ ግን አለቀሰች። ወዳው ነበር ካሳነሽ፣ ቀልድ አይደለም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምላት አጣሁ፤ እንዲህ እንደምታይኝ ለፍላፊዋ። «እምዬ፣ አጠፋሁ እንዴ?» ስትለኝ «አላጠፋሽም፣ ቆምሽ» አልኳት። ይህቺን ብቻ ነው ያገኘሁት። ክረምቱ ሲገባ ከባሕር ዳር ተደወለ። ያቺን በሁለተኛው ያየናትን ልጅ ላኩልን አሉ።

አሁን እዚያ ናት፣ ለክልሉ ትጫወታለች፤ ተከላካይ። ለገና መጥታ ነበር፤ ሣቋ ተመልሷል፣ መንገድ ላይ ሽማግሌ ስታይ ዛሬም ጎንበስ ትላለች። ይሄነው እዚሁ ያሰለጥናል፤ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ልጆቹን ሰብስቦ «ከወዲያኛው ቡድን የባል ዘመድ ያላት አለች?» ብሎ ይጠይቃል አሉ። ባጃጅ ነጂው ገበያ ሲወስደኝ ይስቅብኛል። ልጁ እናቱ ጋ ነው፤ ደኅና ነው፣ ብርድም አልነካው፣ ሴትም አልነካችው። እኔ ኳሴን አያለሁ፤ አሁን ግን እልል ከማለቴ በፊት ማን እንዳገባ ሰው እጠይቃለሁ።

ረጅሟ ደግሞ ኳሱን ትታ እሁድ ልትዳር ነው። ለአንድ እናት አንድ ልጅ ነው አሉ ሙሽራው። አንቺም የምትሄጂው ወደዚያው ነው ለካ? ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ... አፌን ያዝ አደርግ ነበር። አደራ፣ ያወራሁትን እንዳትነግሪያቸው። የአሮጊት ወሬ ነው፣ ለማንም አይጠቅም።

ምርቃቴን ግን አድርሽልኝ። ቂም የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ከልቤ ነው። እንዲህ ብለው መረቁ በያቸው... ትዳሯ ይባረክ፣ ማኅፀኗ ይለምልም፣ ጎተራዋ አይጉደል። ፈጣሪ ደግ አማት ይስጣት። ልጇን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ፣ አንድ ቀን ከፊቱ ዞር የማትል፣ ምን ልበልሽ... እንዲያው ቁርጥ እናቷን የመሰለች።

አሜን በይ እንጂ ካሳነሽ።