በመስኮት የሚገባ ወንበር

ከሩቅ ስታስል የመጣች ትንሽ መኪና ልክ የወንበር ሰፊዋ አሮጊት ደጃፍ ስትደርስ ጸጥ አለች። አሮጊቷ መርፌያቸውን የመኪና ወንበር ቆዳ ላይ ሰክተው ቀና ሲሉ፣ ቱታ የለበሰች ወጣት ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች።

«ልጄ፣ ሹፌሩ ጥሎሽ የት ሄደ?»

«ሹፌሯ እኔው ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ መካኒክ ጥሪያ!»

«እሱም እኔው ነኝ» ብላ ሳቀች። «የውድድር መኪና መሐንዲስ ነኝ። የመጣሁት ቡሎን የምትባል ልጅ ፍለጋ ነው። የመሐንዲስነት ሥልጠና ፈተናችንን አልፋ ፎርሙን ሳትመልስ ቀረች። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሳዳጊዋ ካልፈረሙላት ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

በአሮጊቷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈው ወረቀት እንደ ፍም ፈጃቸው። ቡሎን የልጃቸው ልጅ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላትም እሳቸው ናቸው፤ በአምስት ዓመቷ የስፌት መኪናቸውን ፈታትታ ቡሎኑን ጉንጯ ውስጥ ይዛ ስለተገኘች።

«አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። ፎርሙም እኔ ዘንድ ነው። አልፈርምም!»

«ለምን፣ እማማ?»

«የመኪና እሽቅድምድም አባቱ መኪና ላለው ነው። የእኛን ልጅ ምን ልታደርጓት? መጥረጊያ ልታስይዟት? እሱንማ እዚህም አላጣችውም።»

«መጥረጊያ አይደለም። የሚነዳው አንድ ሰው ነው፤ ጎማው ስንት ዙር እንደሚችል፣ ነፋሱ የቱ ጋ እንደሚይዘው፣ ፍሬኑ መቼ እንደሚግል የምናሰላው ግን አርባ ነን። ከአርባው እንዲህ ካለ ሰፈር የወጣነው ሁለት ብቻ ነን። የእኔ እናት የሰው ልብስ አጣቢ ናት።»

አሮጊቷ መርፌያቸውን ከቆዳው ነቀሉ። 

«እኔኮ ሃያ ሁለት ዓመት ለውድድር መኪና ወንበር ሰፍቻለሁ» አሉ። «ጋራዡ ውስጥ ቢጫ መስመር ነበረች። ሴት ከረገጠቻት መኪናው አይቀናውም ይሉ ነበር። ስለዚህ ወንበሩን በመስኮት ነበር የማቀብለው። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር መሰለሽ! እሁድ ጠዋት የቆዳው፣ የማጣበቂያው፣ የቤንዚኑ ሽታ። ሞተሮቹ ተራ በተራ ሲነሡ እንደ ጎረቤት በድምፃቸው እለያቸው ነበር። ባሌ እዚያው መካኒክ ነበር፤ ‹ሁለተኛው ሲሊንደር አልተኮሰም› ብዬ በመስኮት ሹክ እለዋለሁ፣ ሄዶ ይከፍታል፣ ይመሰገናል። ነፍሱን ይማረውና፣ ቤት ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ‹ያንቺን ጆሮ ተሸልሜ መጣሁ› ይለኝ ነበር።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ግን ተቆጡ። «ምን ታፈጪብኛለሽ? መኪናሽን አስነሺያ!»

መኪናዋ እየተንገጫገጨች ተነሣች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከፊት ሦስተኛው። ካንዴላውን ፍቺው።»

መሐንዲሷ መጀመሪያ መመርመሪያ መሣሪያዋን ሰካች፤ መሣሪያው ጥቂት አሰበና ሦስተኛው አለ። ካንዴላው ሲወጣ ከሰል መስሏል። አዲስ ስትቀይርበት መኪናዋ እንደ ጠገበች ድመት ታንኮራፋ ጀመር።

«እማማ፣ ይህን ጆሮ ለማን አወረሱት?»

«ለማን አወርሰዋለሁ? ጆሮ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።»

«አልተቀበረም። ፈተናው ላይ ሌሎቹ ወደ መሣሪያው ሲሮጡ ቡሎን መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከዚያ የሰማችውን በስሌት አስረዳችን። ማን አስተማረሽ ብንላት፣ ‹አያቴ መንገድ ላይ እያስቆመች የዚህ መኪና ሕመሙ ምንድን ነው ትለኛለች› አለች።»

«ይቺ ለፍላፊ!» አሉ፤ ግን የሽርጣቸውን ኪስ ዳሰሱ። «እንደ እኔ መስኮት ላይ ብትቀርብኝስ?»

«ይቅርታዎን እማማ፣ ዛሬ መስኮቱ ላይ ያስቀሯት እርስዎ ነዎት።»

እንዲህ ያለ ቃል ሌላ ሰው ቢናገራቸው በመቀስ ያባርሩት ነበር። እውነት ግን ከልጅ አፍም ቢወጣ እውነት ነው። በር የተዘጋብን ሰዎች ዘግተን መኖርን እንለምዳለን፤ ለልጅ ማዘን ይመስለናል። በሩ ሲከፈት የሚጠቀመው የገባው ልጅ ብቻ አይደለም። ጋራዡ ያልነበረውን ጆሮ ያገኛል፣ ሰፈሩ መንገድ የሚያሳይ ሰው ያገኛል፣ አሮጊት ያወቀችውም ሳይቀበር በቁጥር ተጽፎ ይቀራል።

ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«ቢጫዋ መስመር አሁንም አለች?»

«አለች። ጆሮውን ያልሸፈነ እንዳያልፍ የሚል ተጽፎባታል፤ ጩኸቱ ይጎዳል።»

«ይሄን ጆሮ ልሸፍን? እንግዲያስ እኔን ዛሬም አያስገቡኝማ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

መሐንዲሷ ባቀረበችላቸው ቀለም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ጣቱን መርፌ ስለ በላው ግን አሻራው በመጀመሪያው አልያዘም። ቀለም ጨምረው ደግመው፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጫኑት።

«የመጀመሪያ ቀን የማመጣት እኔ ነኝ» አሉ ጣታቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «በበሩ።»