መሬት የሚጠርገው ቀሚስ

ወይዘሮ እታፈራሁ በታኅሣሥ ገብርኤል፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ከንግሥ ሲመለሱ ወድቀው ግራ እጃቸው ተሰበረ። በወሩ፣ ገና የወጌሻው ቀርከሃ ሳይፈታላቸው፣ ዓሣ ሊገዙ ሐይቁ ዳር ወዳለው ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረዱ። ከዚህ ገበያ በኋላ ከቤት ላይወጡ ቆርጠዋል፤ ካልተንቀሳቀሱ አጥንት አይሰበርም ብለው። በደህናው እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጭቃው ላይ ሲያዘግሙ፣ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ነርሷ ኤደን ድንገት አገኘቻቸውና ክንዳቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ምን ጣለዎት?»

«ልብስ ሰፊው ነዋ! የክት ቀሚሴን አስረዝሞ ጠለፈኝ። እጁ ይያዝ!»

«መቼ ነው የተሰፋው?»

«ለልጄ ለሃሴት ሠርግ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት።»

«ያኔስ ይጠልፍዎት ነበር?»

«ኧረ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነበር! አጠባ ሲበዛበት ተለቀቀ መሰለኝ።»

«ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል እንጂ ይረዝማል እንዴ?»

ወይዘሮ እታፈራሁ ዕድሜ ልካቸውን ሸማ ያጠቡ ሴት ናቸው፤ መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል።

«ታዲያ ምን ልትዪኝ ነው?»

«ያጠሩት እርስዎ ነዎት። አጥንት ሲሳሳ የጀርባው ሳይሰማ ተጨፍልቆ ቁመት ይቀንሳል። ከቆሙበት ወድቀው እጅዎ መሰበሩም ሌላ ምልክት ነው። ከቤተሰብስ የተሰበረ አለ?»

«እናቴ፣ ዳሌዋ» አሉ። «ሁለት ዓመት ተኝታ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። ለዚህ እኮ ነው አርፌ ልቀመጥ ያልኩት!»

«መቀመጡ ነው አጥንትም ጡንቻም የሚያደክመው። ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ። ዕድሜዎን፣ ክብደትዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቆ የሚያሰጋዎትን ያህል ይገምታል፤ ካስፈለገም አጥንት የሚያጠነክር ኪኒን ያዝልዎታል። ዛሬ ግን ያ ቀሚስ ይጠር።»

«የሠርጉ ቀሚስ? መቀስ አይነካውም!»

«እናትዎን እርስዎ አገላበጡ። እርስዎን ማን ያገላብጥ፣ ሃሴት?»

ወይዘሮ እታፈራሁ ማንንም ቢያስቸግሩ፣ ሦስት ልጆች ታቅፋ ከሥራ ወደ ሥራ የምትሮጠውን ልጃቸውን ማስቸገር አይሹም። ቤት እንደገቡ ሣጥናቸውን ከፍተው ቀሚሱን አወጡ፤ ኤደን ጫፉን ወጥራ ያዘችላቸው፤ መቀሱን ግን ለማንም አልሰጡም።

ከዚያ ወዲያ የሚያንሸራትተው ምንጣፍ ተነሣ፤ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ተመታ። በፍስክ ወተት፣ በጾም ጎመን አልጎደለም። ሐኪሙ ያዘዘላቸው ኪኒንም በየሳምንቱ ሳይዘለል ተዋጠ። እጃቸው እንደዳነ በጠዋት ፀሐይ በሐይቁ ዳር መራመድ ጀመሩ። ሐኪሙ «ሁለተኛ አይሰበሩም» ብሎ አልማለላቸውም፤ የመሰበሩን ዕድል ግን አሳንሰውታል፤ እግራቸውም ጸና።

በዓመቱ ገብርኤል ሲነግሥ በእግራቸው ሄዱ። ቅጥሩ በር ላይ የዕድሜ እኩያቸው ወይዘሮ ተዋበች አጭሩን ቀሚስ አይተው ሣቁ።

«አንቺ፣ በስተርጅና ኮረዳ ሆንሽ?»

እታፈራሁ አልሣቁም። የተዋበች ቀሚስ ጥለት አቧራ ሲጠርግ ዓይተዋል።

«ነይ ክንዴን ያዢ» አሏቸው። «ነገ ከኤደን ጋር ሐኪም ዘንድ እንወስድሻለን። ዛሬ ማታ ግን መቀሴን ይዤ እመጣለሁ።»