ጠዋት ጠዋት የሚሞቀው እንጨት

ከአምቦ ወደ ባኮ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ጥቁር የለበሰች ወጣት ለአጠገቧ ባልቴት ታወራለች።

“ባለቤቴ ለጓሮ ጎመናችን ጉድጓድ ቆፍሮ ኮምፖስት አዘጋጅቶ ነበር። እንጨት ይሰካበታል፤ ተነቅሎ ሲዳሰስ ከሞቀ ገና እየተብላላ ነው።”

“ጎሽ! ከማዳበሪያ ወረፋ ተገላገላችሁ።”

“እሱ ካረፈ ዓመት ሞላው። ምንም አልጨመርኩበትም። እንጨቱ ግን ጠዋት ጠዋት ይሞቃል።”

“ፀሐይ ይሆናላ፣ ልጄ!”

“ጥላ ነው፣ እማማ። ደግሞ አፈር ውስጥ ያለው ጫፍ ቀዝቃዛ ነው። የሚሞቀው እሱ በእጁ ይጨብጠው የነበረው መያዣው ነው።”

“ዋቀዮ! ታዲያ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?”

“ወንድሜ ባኮ እሱ ዘንድ እንድኖር ይፈልጋል።”

“እሰይ! ቶሎ ግቢ!”

“እንቢ ልለው ነው የምሄደው። እኔ ከሌለሁ ያ እጅ ማንን ይጨብጣል?”

እኔም የከዘራዬን እጀታ ቀስ ብዬ ለቀቅኩና እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ።