የሆድ የቁም ተዝካር

ሳሪስ፣ ከሰዓት በኋላ፤ እንግዳወርቅ በቀዶ ሕክምና ሆዱን ለማሳነስ ቀጠሮ ይዟል፤ ከሆስፒታል ተመልሶ ሶፋ ላይ ተዘርግቷል፣ ጎንበስ ብሎ ጫማው ላይ መድረስ ስለማይችል ሚስቱ ትርንጎ ታወልቅለታለች።

ትርንጎ፦ ሙክት? ሆድህን ልታስቆርጥ ነው ወይስ ልጅ ልትድር?

እንግዳወርቅ፦ አንድ ሙክት ነው ያልኩት። በሬ አልኩ እንዴ?

ትርንጎ፦ ዛሬ ሐኪሙ ሚዛን ላይ ሲያወጣህ ምን አለ? እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

እንግዳወርቅ፦ ትንሽ ጨምሯል አለ።

ትርንጎ፦ ትንሽ አላለም። “ጉበትህ በስብ አብጧል፣ ቢላ አላሳልፍም ይላል፤ ሾርባ ብቻ እየጠጣህ ቀንስ ብዬህ ጨምረህ መጣህ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኑ ካልወረደ ተራህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ” ነው ያለህ። አንተ ከዚያ ወጥተህ፣ ታክሲ ውስጥ ሳትገባ፣ የእሑድ ድግስ ታወራልኛለህ።

እንግዳወርቅ፦ እሑድ ሌላ፣ ሚዛኑ ሌላ። ደግሞ ሾርባዬን ጠጥቻለሁ፤ እግዜር ያውቃል።

ትርንጎ፦ ሾርባ የጠጣ ሰው ጺሙ ላይ ቅቤ ይዞ አይገባም።

እንግዳወርቅ፦ እሱ የነደምሰው ሠርግ ላይ ነው። ብልት አውጣልን ብለው ጠሩኝ፣ ሳወጣ ቀመስኩ። ያልቀመሰ ብልት አውጪ አይታመንም።

ትርንጎ፦ ጎድኑን ጨርሶ አጥንቱን ለሙሽራው ያስረከበስ ይታመናል?

እንግዳወርቅ፦ ስሚኝ ትርንጎ። ሰው ጎረቤት ሲለቅ እንኳ ተሰነባብቶ ነው። ይህ ሆድ ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ ኖሯል።

ትርንጎ፦ አብሮህ አልኖረም፣ ቀድሞህ ነው የኖረው። ከሥራ ስትመጣ መጀመሪያ እሱ በበሩ ይገባል፣ አንተ ኋላ ትደርሳለህ።

እንግዳወርቅ፦ ተሳለቂ። አያቴ የቁም ተዝካራቸውን እንዴት እንደ ደገሱ ግን ታውቂያለሽ።

ትርንጎ፦ እንዴት አላውቅም? በየበዓሉ ትነግረኛለህ። “ወራሾቼ ከሞትኩ በኋላ ጠላ እንኳ አይጠምቁልኝም” ብለው በቁማቸው ድንኳን አስጥለው አገሩን አበሉ።

እንግዳወርቅ፦ እኔም የምልሽ እሱን ነው። ሆዴ ከሄደ በኋላ ማን ይደግስለታል? አንቺ አትደግሺለትም። በቁሙ ልደግስለት። የማኅበር ጓደኞቼ ይጠሩ፣ ሙክቱን እኔው ብልት አወጣለሁ፣ አንቺ ዶሮውን ትሠሪያለሽ፣ ክትፎው ደግሞ ለብ ለብ ያለ...

ትርንጎ፦ ፍትሐቱስ? ሄጄ “አባታችን፣ የእንግዳወርቅን ጨጓራ ይፍቱልን” ልበላቸው?

እንግዳወርቅ፦ ክትፎ ካለማ እሳቸውም አይቀሩም።

ትርንጎ፦ ወይ አንተ ሰው። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር “ስኳር አለብኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል” እያልክ በሐኪም ስም ስትገድፍ ኖርክ። ይኸው አሁን ሐኪሙ ራሱ ጾም አወጀብህ። እግዜር ቂም ይይዛል ብዬ አላምንም ነበር፤ ዘንድሮ ተጠራጠርኩ።

እንግዳወርቅ፦ የሱ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው፣ ፋሲካ አለው። የዚህኛው ፋሲካው የት ነው? ሆድህ ሙዝ ያህላል አለኝ። በማንኪያ ትጎርሳለህ፣ ውሃ እስኪሆን ታኝካለህ፣ ከምግብ ጋር አትጠጣም፣ ዕድሜ ልክህን ቫይታሚን ትውጣለህ። ሰው መሆን ነው ወይስ የሚያመሰኳ በግ መሆን?

ትርንጎ፦ በግ እንኳ ሲጠግብ ይተዋል። መራመዱንስ ለምን ዘለልከው? በየቀኑ ትራመዳለህ ብሏል።

እንግዳወርቅ፦ እራመዳለሁ እኮ።

ትርንጎ፦ እስከ ሥጋ ቤቱ ድረስ ያለው አይቆጠርም።

እንግዳወርቅ፦ እሺ ጉርሻውንስ ምን ላድርገው? የሙሽራ እናት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ስታጎርሰኝ ምን ልበላት? ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው።

ትርንጎ፦ “ጠግቤያለሁ” ትላታለህ። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ካፍህ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳልሞት ብሰማው ደስ ይለኛል። እግርህን ወዲህ አምጣው እስቲ። ካልሲው ያ አልድን ያለው ቁስልህ ላይ ተጣብቋል። ስስበው አያምህም?

እንግዳወርቅ፦ ምንም አይሰማኝም።

ትርንጎ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ቢያምህ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙ “ስኳሩ እንዲህ ከቀጠለ ይህ እግር አይተርፍም” ሲልህ አንተ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለህ። ቢላውማ አይቀርልህም፣ እንግዳወርቅ። የምትመርጠው ቦታውን ነው፤ ወይ ሆድ፣ ወይ እግር።

እንግዳወርቅ፦ እግሬ ቢሄድ ቢያንስ ክትፎዬ አይቀርብኝም።

ትርንጎ፦ አዝዬ ክትፎ ቤት የማደርስህ መስሎሃል? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

እንግዳወርቅ፦ አንቺ ትቀልጃለሽ፤ እኔ ግን የምለው አለኝ። ሰው እኔን ለምን የሚጠራኝ ይመስልሻል? ስበላ ማየት ስለሚወዱ ነው። “እንግዳወርቅ ካልመጣ ማዕዱ አይደምቅም” ይላሉ። ሆዴ ከሄደ ማን ይጠራኛል? ጥግ ይዤ ሾርባ በማንኪያ የምልስ ሰውዬ ልሆን ነው።

ትርንጎ፦ ስትበላ ከበው ከሚስቁት ውስጥ ይህን ካልሲ ያወለቀልህ ማን ነው?

እንግዳወርቅ፦ ...አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ ብልት የሚያወጣው ደግሞ እጅህ ነው፣ ሆድህ አይደለም። እጅህን ማንም አልነካብህም። የሚፈልግህ ይጠራሃል፤ ሊስቅብህ የሚጠራህ ቢቀር ለኔ እፎይታ ነው።

እንግዳወርቅ፦ እፈራለሁ፣ ትርንጎ። አስተኝተውኝ ሳልነቃ ብቀርስ? ሾርባ ብቻ ጠጥቼ ልሂድ?

ትርንጎ፦ እኔም እፈራለሁ። እኔ ግን የምፈራው እዚህ አልጋችን ላይ ነው። ስታንኮራፋ ቆይተህ ትንፋሽህ ድንገት ቁርጥ ይላል፤ ተነሥቼ እወዘውዝሃለሁ። ስትነቃ “ምንድነው፣ እራት ደረሰ?” ትለኛለህ። አንተ ተመልሰህ ታንኮራፋለህ፣ እኔ ትንፋሽህን እያዳመጥኩ አነጋለሁ። እንዲህ ከማደር ሆስፒታል በር ላይ ቁጭ ብዬ መጸለይ ይሻለኛል።

እንግዳወርቅ፦ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።

ትርንጎ፦ መቼ ጆሮ አለህ? ጥጋብ ጆሮህን ደፍኖታል።

እንግዳወርቅ፦ እሺ፣ ልክ ነሽ። እሑድን ብቻ ፍቀጂልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሾርባ ካልሽ ሾርባ፣ ውሃ ካልሽ ውሃ። እንደሚሰናበት ሰው እይኝ።

ትርንጎ፦ ...ይሁን። ይደገስ።

እንግዳወርቅ፦ የምርሽን ነው?

ትርንጎ፦ ሙክቱ ይገዛ። ዶሮውንም እሠራለሁ፣ ክትፎውንም ለብ ለብ አደርገዋለሁ። ጓደኞችህም ይምጡ። ወጉ ከጎደለ ግን ሰው ይታዘበናል። የቁም ተዝካር ካልክ እንደ አያትህ ይሁን።

እንግዳወርቅ፦ ትርንጎዬ፣ እኔ እኮ አንጀትሽን አውቀዋለሁ። እንደሳቸው ነው የሚሆነው፣ አንዲት ነገር አትጎድልም።

ትርንጎ፦ እስቲ ያን ቀን ያደረጉትን ንገረኝ፤ መጨረሻው ላይ ይምታታብኛል።

እንግዳወርቅ፦ ምኑ ይምታታል? ነጭ ለብሰው፣ ኩታቸውን አደግድገው ከድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። የመጣውን ሁሉ በገዛ እጃቸው እጅ አስታጠቡ። “ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ” እያሉ በማዕዱ መካከል ሲዞሩ ዋሉ። እንዴት ያለ ሰው መሰሉሽ!

ትርንጎ፦ ቁጭ አላሉም?

እንግዳወርቅ፦ ምን ሲባል። ሽማግሌዎቹ “ኧረ እርስዎም አረፍ ይበሉ፣ ይቅመሱ” ብለው ቢለምኗቸው በጄ አላሉም።

ትርንጎ፦ ምን ብለው?

እንግዳወርቅ፦ “ሟች ከገዛ ተዝካሩ ሲጎርስ የት አያችሁ” ብለው ነዋ። አገር እስከ ዛሬ የሚያወራው እኮ... ቆይ። ቆይ እስቲ፣ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ኩታህን ነገ አጥቤ አሰጣዋለሁ፤ ሾርባህ ጓዳ ይቆይሃል።