በጋሽ አረጋዊ ካሴት ላይ የተቀረጸው ስብሰባ

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ያሰናዳችሁልኝ ሁሉ፣ ቤታችሁ ይሙቅ። ኬኩ ላይ ስሜን በትክክል የጻፈውን ሰው በተለይ አመሰግናለሁ፤ የዚህ ሬዲዮ ጣቢያ አስተዳደር በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልሆነለትም።

አለቃችን አቶ ተስፋለም ቅድም «ማዕዛ የካዛንቺስን ታሪክ ያቆየችልን ናት» አሉ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይህን ሰምቼ ዝም ብል ኬኩ አይዋጥልኝም። በቃ፣ ዛሬ ልናዘዝ።

ጋሽ አረጋዊን ማን ያውቃል? አያችሁ፣ ማንም። የካዛንቺስ እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ሰፈሩን ዞረው የሚያስታውቁት እሳቸው ናቸው። ስለ ነገሥታት ስንት ፕሮግራም ሠራን! ጥሩምባ ነፊን ማን ጠየቀ?

እኔ ጠየቅኩ፤ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት። ሰፈሩን ከመጀመሪያው ደጅ አንስተው በቃላቸው ዘለቁት። ማን ከማን ጋር ጉርብትና እንዳለው፣ ማን ልጁን እንደቀበረ፣ የትኛው ቤት ጋ በሽተኛ ስላለ ጥሩምባ ሳይነፉ በሩን ቀስ አድርገው እንደሚያንኳኩ።

ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ባዶ ካሴት አለቀብን። የዚያን ጊዜው አለቃዬ «ስብሰባው ሊጀመር ነው፣ ያገኘሽው ላይ ቅረጪ!» አሉ። እጄ ላይ የነበረው የጋሽ አረጋዊ ካሴት ነው፤ እሱው ላይ ቀረጽኩ። ስብሰባው ስለ ሰዓት አከባበር ነበር፤ ማለቴ፣ እሱም ግማሽ ሰዓት አርፍዶ ተጀመረ።

ለማንም አልተነፈስኩም። «ሌላ ቀን ሄጄ እቀርጻቸዋለሁ» ስል ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰዉም ተበተነ። አፈርኩ። አሁንም አፍራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አፈላልጌ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ልጃቸው ፍሬሰላም ቤት አገኘኋቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው።

«ጋሼ፣ የነገሩኝን አጠፋሁት» አልኳቸው።

«ሰምተሽኝ የለም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምኑ ጠፋ? በይ ንገሪኝ!»

ጀመርኩ። አራተኛው ደጅ ላይ ቀረሁ። እሳቸው እየሳቁ ተቀበሉኝና አሥራ ሰባተኛው ላይ ደከሙ። «የቀረውን ሰኞ» አሉኝ።

ሰኞ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ መቅረጸ ድምፁንም አስረክቤአለሁ። ለብቻዬ ብሄድ ደግሞ ጆሮዬን አላምነውም። ከእናንተ ማን አብሮኝ ይሄዳል?

...ፍዮሪ! ተባረኪ ልጄ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ኦሎምፒያ እንገናኝ።

ሁላችሁንም ዕድሜና ጤና አይንሳችሁ። ጎረቤት አያሳጣችሁ። ሳይመሽባችሁ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሽማግሌ፣ ስታረጁም መጥቶ የሚጠይቃችሁ ልጅ ይስጣችሁ።

አሜን በሉ።